የዝናብ መለኪያ ዳታ በፖስትግሬስ ውስጥ

ጥያቄ፦ ከመንዝና ከአንኮበር የዝናብ መለኪያዎች የሚላክልን ዳታ በሲቦር (CBOR፣ ዳታን አሳጥሮ በባይት የሚጽፍ) ፎርማት ነው የሚመጣው። በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ በባይትኤ (bytea፣ ጥሬ ባይት የሚይዝ) ዓምድ እናስቀምጠዋለን፤ ውስጡን ግን በኤስኪውኤል (SQL፣ የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) መጠየቅ አልቻልንም። ኤክስቴንሽን (በፖስትግሬስ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ) ለመሥራት ከየት እንጀምር?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አዲስ የዳታ ዓይነት ለመፍጠር አይቸኩሉ። ባይትኤውን እንዳለ ይተዉትና ቁልፍ (የመረጃውን ስም) ተቀብሎ ዋጋውን የሚመልስ አንድ ፈንክሽን በሲ (C) ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይጻፉ። ከእሱ ጋር ኤክስቴንሽኑን ለፖስትግሬስ የሚያስተዋውቅ የኮንትሮል ፋይልና ፈንክሽኑን የሚያውጅ የኤስኪውኤል ስክሪፕት ያስፈልጋል። ፈንክሽኑን ኢሚዩተብል (ለአንድ ዓይነት ግብዓት ሁሌም አንድ ዓይነት ውጤት የሚሰጥ) ብለው ካወጁት ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ይሠራበታል፤ ለእናንተ ሥራ ይህ የሚበቃ ይመስለናል። የራሱ ዓይነት የግድ ካስፈለገ ዳታውን ከጽሑፍ የሚቀበሉና ወደ ጽሑፍ የሚያወጡ ኢንፑትና አውትፑት ፈንክሽኖች ግዴታ ናቸው፤ ሪሲቭና ሴንድም ቢጨመሩ ዳታው ወደ ጽሑፍ ሳይቀየር ይገባል፣ ይወጣል።

ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከርዝመት ነው። ሲቦር የጽሑፍን ርዝመት የሚቆጥረው በባይት እንጂ በፊደል አይደለም። «ደብረ ብርሃን» 7 ፊደልና 1 ክፍት ቦታ ነው፤ በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የመጻፊያ ስልት) እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ድምሩ 22 ባይት ይሆናል፣ ዓይነቱንና ርዝመቱን የሚናገረው መነሻ ባይትም በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) 76 ነው። መለኪያው 8 ብሎ ከላከ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል። ስለዚህ የተጻፈውን ርዝመት በእጅዎ ካለው ቀሪ ባይት ጋር ሳያመሳክሩ በፍጹም አያንብቡ። ከወሰን አልፎ ሲያነብ የወደቀ የሲ ኮድ የራሱን ግንኙነት ብቻ ሳይሆን በሰርቨሩ ላይ ያሉትን ሁሉ ያቋርጣል።

እኩልነትንም በጥሬ ባይት አያወዳድሩ፤ ይዘቱ አንድ የሆነ ማፕ (የቁልፍና የዋጋ ጥንዶች ስብስብ) በተለያየ የቁልፍ ቅደም ተከተል ሊጻፍ ይችላል። ሲያስገቡ ቁልፎቹን ደርድረው፣ ቁጥሮቹንም በአጭሩ ቅርጻቸው ጽፈው ያስቀምጡ።