«እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል»፦ የጎማ ኩሽኔት ጥያቄዎች

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ የኩሽኔት (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ወይም ባለ ሮለር ቀለበት) ጥያቄ ይበዛል። በሐምሌ የገባ ጭቃና ውሃ ድምፁ የሚሰማው በጥቅምት ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ፣ ቪትዝ እነዳለሁ። ከ60 ካለፍኩ በኋላ የማያቋርጥ ጉርምርምታ አለው። አንዱ መካኒክ ጎማ ነው ይላል፣ ሌላው ኩሽኔት። ገንዘቤን በየትኛው ላይ ላውጣ?

መልስ፦ መጀመሪያ ያዳምጡ፤ ማዳመጥ ገንዘብ አያስወጣም። ድምፁ በሚሰማበት ፍጥነት ላይ ሆነው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ማርሹን ኒውትራል ያድርጉ። የሞተሩ ዙር ወርዶ ጉርምርምታው ካልወረደ ችግሩ ከሞተር አይደለም። ቀጥሎ ሰፋ ያለ ኩርባ ይፈልጉ። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ በግራዎቹ ጎማዎች ላይ ስለሚጫን፣ ያኔ ድምፁ ከጨመረ ተጠርጣሪው የግራው ኩሽኔት ነው። የጎማ ድምፅ በኩርባ ብዙም አይለወጥም፤ የሚለወጠው አስፋልቱ ከሻካራ ወደ ለስላሳ ሲሄድ ነው። አሁንም ካላመኑ የፊትና የኋላ ጎማዎችን ያቀያይሩ። ድምፁ አብሮ ከተዛወረ ጎማ ነው።

ከዚያ በክሪክ ያንሱት፣ ከስር ድጋፍ ያስገቡ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ያወዛውዙ። ከተወዛወዘ ረዳት ፍሬን ይርገጥልዎ፤ ውዝዋዜው ከቆመ ኩሽኔት፣ ካልቆመ ቦል ጆይንት (የጎማውን መያዣ ከስሩ ካለው ክንድ ጋር የሚያገናኘው ክብ መጋጠሚያ) ነው። ከግራና ከቀኝ ሲይዙት ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ የመሪውን ቴስቲና (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ዘንግ ጫፍ) ያስፈትሹ። በመጨረሻ አንድ እጅዎን ሞላው (ስፕሪንጉ) ላይ አሳርፈው በሌላው ጎማውን ያሽከርክሩት፤ የተበላ ኩሽኔት ንዝረቱ በሞላው በኩል እስከ መዳፍዎ ይደርሳል። «አይወዛወዝም፣ ስለዚህ ደህና ነው» የሚልዎትን አይስሙት። ድምፁ ይቀድማል፣ ውዝዋዜው ኋላ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ፣ ኮሮላ። የፊት ኩሽኔት አስቀይሬ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ጮኸ። ዕቃው ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ በምን እንደገባ ይጠይቁ። «በመዶሻ» ካሉዎት ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። የመኪናዎ የፊት ኩሽኔት ሁለት ረድፍ ኳስ ያለው፣ ግራሶው ከፋብሪካ ተሞልቶ የታሸገ ነው። መዶሻ ሲያርፍበት ኳሶቹ መሮጫቸውን ይሰረጉዱታል። ጉድጓዱ በዓይን አይታይም፤ ኳስ ባለፈበት ቁጥር ግን ይንኳኳል፣ ይሰፋልም።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። የአክስሉን ዳዶ ጎማው መሬት ላይ እያለ ያላሉ። ናክሉ (ኩሽኔቱ የሚቀመጥበት ብረት) ወርዶ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) በፕሬስ ይወጣል፤ ከአሮጌው ኩሽኔት የውስጥ ቀለበት አንዱ ሞዞው ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር በማውጫ ይነቀላል። መቀመጫው ይጸዳል፤ ተፍቆ ወይም ተበልቶ ከተገኘ አዲሱ ኩሽኔት እዚያ አይቆይም። አዲሱ ወደ ናክሉ ሲገባ ፕሬሱ የሚገፋው የውጭውን ቀለበት ብቻ ነው። ሞዞው ሲገባ ደግሞ የውስጡ ቀለበት ከስር መደገፍ አለበት። ብዙ ጋራዥ የሚስተው ይህችን ነው፤ ድጋፍ ከሌለ የፕሬሱ ኃይል በሙሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ባለው መኪና ማግኔት ያለበት ጎን ወደ ሴንሰሩ ይዞራል፤ ከተገለበጠ የኤቢኤስ መብራት ይበራል።

ከዚያ ዳዶው። በብዙ የቪትዝና የኮሮላ ሞዴሎች 216 ኒውተን ሜትር ነው፤ የእርስዎን ሞዴል መጽሐፍ ይዩ። መፍቻ ላይ ቱቦ ሰክቶ «ይበቃዋል» ማለት ልኬት አይደለም። ዳዶው አዲስ ይሁን። በልኩ ሳይጠብቅ መኪናውን መሬት ማስረገጥም ኩሽኔቱን ይጎዳል።

ፎርጅዱን በተመለከተ፣ የኩሽኔት አምራቹ ኤስኬኤፍ ዕቃውን ፎቶ አንስተው የሚያጣሩበት የስልክ መተግበሪያ አለው። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በግማሽ ካነሰ ግን መተግበሪያም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ቡሬ፣ አይሱዙ። የፊት ኩሽኔት ስንት ግራሶ ይበላል? ዳዶውስ ምን ያህል ይጠብቅ?

መልስ፦ የእርስዎ ሾጣጣ ሮለር ያለው ነው፤ በአንድ ሞዞ ትልቅ ከውስጥ፣ ትንሽ ከውጭ። በናፍጣ ያጥቡት፣ በደንብ ያድርቁት። በኮምፕሬሰር አየር አያሽከርክሩት፤ ያለ ግራሶ ሲሮጥ ይፋቃል፣ ሮለር ተፈናጥሮም ሰው ይጎዳል። ሮለሩ ሰማያዊ ከሆነ ወይም ከተቦረቦረ፣ ሞዞው ውስጥ ያለውን የውጭ ቀለበት ጨምረው ይቀይሩ።

ቁጥር 2 የሊትየም ግራሶ ከሰፊው ጎን በመዳፍ እየጫኑ በሌላው ጎን እስኪወጣ ያስገቡ። የሞዞው ባዶ ቦታ ሲሶው ቢሞላ ይበቃል። ሙሉውን መጠቅጠቅ ሙቀት ያመጣል፤ ከሞቀ በኋላም ሲሉን (ግራሶ እንዳይወጣ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት) አልፎ የፍሬን ሸራውን ይቀባል። ሲሉ ሁሌም አዲስ ይሁን።

ዳዶውን ጎማውን በእጅ እያዞሩ እስኪከብድ ያጥብቁ፤ ይህ ሮለሮቹን ቦታ ለማስያዝ ነው። ከዚያ ያላሉትና እንደገና በቀላሉ ያስጠጉት። የመጨረሻውን ልክ የሚሰጠው የመኪናው መጽሐፍ ነው፤ ጎማው በነፃ መዞር አለበት፣ በእጅ የሚሰማ ውዝዋዜም መኖር የለበትም። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሁለቱን ሞዞዎች ያነጻጽሩ። ከሌላው ይበልጥ የጋለው ከመጠን በላይ ጠብቆ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ደጀን። ዓባይ በረሃን ወርጄ ስወጣ የአንዱ ጎማ ሞዞ ይፋጃል። ኩሽኔት ነው?

መልስ፦ በዚያ ቁልቁለት ፍሬን ከበዛ ዲስኩ ራሱ ሞዞውን ያግላል፤ በረሃው ላይ የለካ ተሳሳተ። ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በሉማሜ በኩል ባለው ሜዳ 20 ደቂቃ ያህል ፍሬን ሳያበዙ ነድተው፣ መኪናው ፍጥነቱ በራሱ ቀንሶ ሲቆም ሁለቱን ጎኖች ያነጻጽሩ። አንዱ ብቻ ከጋለ ያንሱት። ጎማው ከከበደ ፍሬኑ ተጣብቋል፤ በቀላሉ እየዞረ ካጉረመረመ ኩሽኔት ነው። ፍሬን መጀመሪያ ሲረገጥ ጠልቆ ሁለተኛ ጊዜ ከፍ የሚልም ከሆነ፣ የላላ ኩሽኔት ዲስኩን እያወዛወዘ ሸራውን ወደ ኋላ እየገፋው ሊሆን ይችላል።

የጋለ ሞዞ ይዘው ወንዝ አይግቡ። በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በሲሉ በኩል ይስባል።

ጥያቄ፦ በዚህ ድምፅ ከእንጅባራ ባሕር ዳር ልድረስ?

መልስ፦ ውዝዋዜና ሙቀት ከሌለው በቀስታ እዚያው እንጅባራ ጋራዥ። ካለው አይንቀሳቀስ፣ ይጎተት።

ጥያቄ፦ ሞጣ። አሮጌው ላይ 32208 ይላል፤ ሱቁ ቁጥሩን አላወቀውም።

መልስ፦ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ያባዙ፤ 08 ሲባዛ 40 ሚሊ ሜትር ነው፣ የውስጥ ቀዳዳው። ይህ ከ04 ጀምሮ ለተለመዱት ቁጥሮች ይሠራል፤ ለአንድ መኪና ብቻ ተብለው ለተሠሩት ግን አይሠራም። ቁጥሩ የጠፋ ከሆነ በካሊበር ሦስት ልክ ይውሰዱ፦ የውስጥ ቀዳዳ፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። አሮጌውንም ይዘው ይሂዱ።