ስምንት ቀን የፈጀ ሌማት ስንት ይሸጣል?

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ዓመት አልፎኛል። ሥራ እስካገኝ ብዬ ከአያቴ ጋር ስፌት ጀመርኩ፤ አሁን ባሕር ዳር ለገና በሚዘጋጅ ባዛር ላይ ጠረጴዛ ልይዝ ነው። አንድ ባለ አለላ (በቀለም በተነከረ ሣር ያጌጠ) ሌማት ስምንት ቀን ይፈጅብኛል። ለስፌት ሣሮቹ ለአክርማና ለስንደዶ፣ እንዲሁም ለቀለም 450 ብር አወጣለሁ፤ በ1,200 ብር ልሸጠው አስቤያለሁ። ምን ያህል ላዘጋጅ? ዘመዶቼማ «ተምራ ስፌት ትሰፋለች» ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ የዘመዶችሽን ነገር ተይው፤ እኔን ያሳሰበኝ ሂሳቡ ነው። ከ1,200 ላይ 450 ሲነሳ 750 ብር ይቀራል። ለስምንት ቀን ስታካፍይው በቀን 94 ብር አይሞላም። ሲሚንቶ የሚያቦካ የቀን ሠራተኛ በዚህ ዋጋ ከቤቱ አይወጣም። የጠረጴዛው ኪራይና የባጃጁ ደግሞ ገና አልተነሳም። መጀመሪያ የቀን ዋጋሽን ቁረጪ፤ በቀኑ አባዢውና የዕቃውንና የባዛሩን ወጪ ደምሪበት። ይህን ለመሥራት ከአንቺ የተሻለ የተማረ ሰው ባዛሩ ላይ አይገኝም።

የሚወጣው ዋጋ ያስደነግጥሽ ይሆናል። ቢሆንም ሌማቱን አታርክሺው። ሁለት ወይም ሦስት ሌማት ለዓይን ይበቃል፤ ጠረጴዛውን የሚሞላው ግን በግማሽ ቀን የሚያልቅ ነገር ይሁን፦ የስኒ ማስቀመጫ፣ የጆሮ ጌጥ፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ መሶብ። ወደ ባሕር ዳር ከሚመጣው እንግዳ በአውሮፕላን የሚመለስ አለ፤ ሻንጣው ውስጥ የማይገባ ነገር ቢያደንቅም አይገዛም። ትንንሽ የደንገል ታንኳ ግን አትጨምሪ። እሱን ሐይቁ ዳር ከአንቺ በፊት የያዙት አሉ፤ ከእነሱ ጋር በዋጋ መጋፋት አያዋጣሽም።

አለላሽን ሳትፈትሺ አትውጪ። ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ቀዩንና አረንጓዴውን ጠንከር አድርገሽ እሺው። ጨርቁ ቀለም ከያዘ፣ ትኩስ እንጀራ ሲቀመጥበት ላቡ ያንኑ ቀለም እንጀራው ላይ ያወርደዋል። ያን ሌማት ለግድግዳ ጌጥ ብለሽ ሽጪው እንጂ ለምግብ አትበይ። ፀሐይም ቀለሙን ስለምታነጣው ጥላ ያለበት ቦታ ለምኚ። ባዛሩ ሐይቁ ዳር ከሆነ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ቀላል ቀላሉን በክር እሰሪ።

ዝርዝር ብር ያዢ፣ የቴሌብር ቁጥርሽንም በትልቁ ጽፈሽ ለጥፊ። ዕቃሽ እዚያው የሚያድር ከሆነ ጥበቃ መኖሩን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ስትሸጪ ወስፌሽንና ውኃ የያዘች ጎድጓዳ ሳህን አጠገብሽ አድርጊና እየሰፋሽ ተቀመጪ። ሣሩ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲለሰልስ፣ ወስፌው ስፌቱን ሲበሳ ያየ ሰው ቆም ይላል፤ ዋጋውንም ሲሰማ ያን ያህል አይደነግጥም። «መጨረሻው ስንት ነው?» ማለቱ ግን አይቀርም፤ አገራችን ነው። ስምንት ቀን በፈጀው ላይ አትቀንሺ፤ «ይህችን የስኒ ማስቀመጫ እመርቅልዎታለሁ» በይ። ጭማሪው የሚያስወጣሽ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ዋጋ ከቀነስሽ ግን አጠገብሽ የቆመው ሁሉ ሰምቶ ያንኑ ይጠይቅሻል።

እንደኔ ግምት የባዛሩ ትልቁ ጥቅም የዕለቱ ሽያጭ ሳይሆን ትእዛዝ ነው። ገና እንዳለፈ የጥር ሠርግ ይመጣል፤ እናቶችም ለሙሽራዋ መሶብ ሲያስቡ ጠረጴዛሽ ጋ መቆማቸው አይቀርም። ስምንት ቀን ለአንድ ሌማት እየፈጀብሽ ለጥር «እሺ» ብለሽ እንዳትገቢ። ከፋሲካ በኋላ ላለው ሠርግ ተቀበይ፤ እስከዚያ የአያትሽም እጅ አለ። ግማሹን ቀብድ ያዢ፤ ቀለሙን፣ ስፋቱንና የማስረከቢያውን ቀን ደብተር ላይ ጽፈሽ አስፈርሚ። ስፋቱን በስንዝር ሳይሆን በሴንቲ ሜትር ጻፊ፤ የእናትየዋ ስንዝርና ያንቺ አንድ አይደለም።