የእናቴ የአጥንት መርፌ ቢዘለልስ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 70 ዓመቷ ነው። አሜሪካ ወንድሜ ጋ እያለች ለአጥንት መሳሳት በየ6 ወሩ ፕሮሊያ የሚባል መርፌ ትወጋ ነበር። አሁን አዲስ አበባ እኔ ጋ ናት። ከተወጋች 8ኛ ወሯን ይዛለች። «ምንም አላመመኝ፣ ይቅርብኝ» ትላለች። እዚያ ሐኪሟ «አጥንት የሚበሉ ሴሎች አሉ» ብሏት ነበር። እውነት ነው? መርፌውስ ቢቀር?

መልስ፦ ሴሎቹ አሉ። መርፌው ግን እንዲሁ አይቀርም።

ኦስቲዮክላስት ይባላሉ። በሽታ አይደሉም፣ ሁላችንም አለን። ያረጀ አጥንት ካልተነሳ አዲስ አይተካም። የሚመጡት ከመቅኔ ሲሆን የነጭ የደም ሴሎች ዘመዶች ናቸው። ለየብቻ ሲሆኑ ትንንሽ ናቸው፤ አጥንት ላይ ያን ያህል አቅም የላቸውም። ራንክ-ኤል የተባለ ፕሮቲን ሲቀሰቅሳቸው ግን ይጠጋጋሉ፣ ሽፋናቸው ይገጥምና አንድ ትልቅ ሴል ይሆናሉ። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 20 ኒውክለስ (የሴል እምብርት) ይኖረዋል። ይህ ግዙፍ ሴል እንደ ዋግምት አጥንቱ ላይ ይለጠፋል። ዙሪያውን ከዘጋ በኋላ ከሥሩ አሲድ ይለቃል። አሲዱ የአጥንቱን ካልሲየም ያሟሟል። የቀረውን ኮላጅን፣ ማለትም የአጥንቱን የፕሮቲን ክር፣ ደግሞ ካቴፕሲን ኬ የተባለ ኢንዛይም ይቆራርጠዋል። ጉድጓዱን ሌሎች ሴሎች ይሞሉታል፤ ችግሩ መብላቱ ሳምንታት፣ መሙላቱ ወራት መፍጀቱ ነው። የወር አበባ ሲቆም ኢስትሮጅን ስለሚቀንስ በይዎቹ ይበረታሉ።

ፕሮሊያ ራንክ-ኤልን ይይዘዋል፤ ሴሎቹም ሳይዋሃዱ ይቀራሉ። ግን አልሞቱም! በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ በአይጦች ላይ ትልልቆቹ ሴሎች ተከፋፍለው ትንንሽ እንደሚሆኑ፣ በኋላም መልሰው እንደሚዋሃዱ አሳይቷል። የመርፌው ኃይል ሲያልቅ በአንዴ ይነሳሉ። በዓመታት የተገኘው አጥንት ቶሎ ይሄዳል፤ አንዳንዶች ላይ ከአንድ በላይ የአከርካሪ አጥንት ይሰበራል። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አለንድሮኔት የተባለው ኪኒን እንዲህ አያደርግም፤ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት አደገኛ ነው።

«አላመመኝም» ማለታቸው አያዘናጋዎት። የሳሳ አጥንት እስኪሰበር አያምም።

በዚህ ሳምንት የሆርሞን ወይም የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ዘንድ ይውሰዷቸው። የመጨረሻው መርፌ የተሰጠበትን ቀን ከወንድምዎ ይጠይቁ። ከመወጋታቸው በፊት የደም ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲና ኩላሊት ይታይ፤ ካልሲየም ዝቅ ብሎ ሳለ መርፌው አይሰጥም። መርፌው ካልተገኘም ሐኪሙ በሌላ መድኃኒት ይተካዋል እንጂ ባዶውን አይተወውም። እስከዚያው ድንገተኛ የጀርባ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ራጅ ያስነሷቸው።