ስለ ላፍሮይግ ውስኪ የፈለጋችሁትን ጠይቁ

ሰላም ቤተሰብ፣ ስኮትላንድ አይላ ደሴት ላይ ስላለው ላፍሮይግ ዲስቲለሪ (የውስኪ ማምረቻ) ማወቅ የምትፈልጉትን ጣሉ፣ እመልሳለሁ። አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ማን ነው የጀመረው?

መልስ፦ ዶናልድና አሌክሳንደር ጆንስተን የሚባሉ ወንድማማቾች፣ 1815 ላይ። በ1836 ዶናልድ የወንድሙን ድርሻ ገዝቶ ብቻውን ያዘው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለምንድነው መድሃኒት መድሃኒት የሚለው? አንዴ ቀምሼው ሆስፒታል የገባሁ ነው የመሰለኝ

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚለው፣ ነገሩ ከጭሱ ነው። እኛ ለጠላ ጋኑን በወይራ እናጥን የለ፣ እነሱ ግን የሚያጥኑት እቃውን ሳይሆን ብቅሉን ነው። ገብሱ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይወጣና ወለል ላይ ይዘረጋል፣ ሰራተኞቹ እርስ በርሱ ተያይዞ እንዳይጋግር በየጊዜው እየገለበጡ ያበቅሉታል፣ ሲበቅል ወደ ማድረቂያው ይወጣና ከስሩ ፒት ይነድበታል። ፒት ማለት ረግረግ ውስጥ ለሺህ አመታት የተጠራቀመ እፅዋት ነው፣ እንደ ጡብ ቆርጠው አድርቀው ያነዱታል። ያ መድሃኒት መድሃኒት የሚለውን፣ ጭሱ ውስጥ ያለውን ፌኖል የሚባል ንጥረ ነገር ብቅሉ ገና እርጥብ እያለ ነው የሚይዘው፣ ከደረቀ በኋላ ብታጨሰው እምብዛም አይዝልህም።

ጥያቄ፦ ብቅሉን በሙሉ ራሳቸው ነው የሚያዘጋጁት?

መልስ፦ አይ፣ ትንሹን ብቻ። ሌላው እዛው ደሴቱ ላይ ፖርት ኤለን ካለው የብቅል ፋብሪካ ይመጣል። ግን አብዛኛው የስኮትላንድ ዲስቲለሪ ይሄን ስራ ጭራሽ ትቶታል፣ ስለዚህ ያቺን ትንሿን ይዘው መቆየታቸው እኔ በጣም ነው የማከብርላቸው።

ጥያቄ፦ ሴት ትመራው ነበር የሚባለው እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ደስ የሚለኝ ታሪክ ይሄ ነው! ቤሲ ዊሊያምሰን ትባላለች፣ ግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ 1934 ላይ ለአንድ ክረምት በታይፒስትነት ልትሰራ መጥታ በዛው ቀረች። ባለቤቱ ኢያን ሀንተር ስትሮክ ሲመታው ስራውን ቀስ በቀስ እሷ ያዘችው፣ በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ግቢው የጦር መሳሪያ ማከማቻ ሲሆንም እዛው ነበረች፣ ሰውየው ልጅ ስላልነበረው በ1954 ሲሞት ዲስቲለሪውን ለሷ አወረሳት። ጡረታ የወጣችው 1972 ነው። በዛ ዘመን የስኮትላንድ ዲስቲለሪ ባለቤት የሆነች ሴት ማግኘት እንዴት ከባድ እንደነበር አስቡት፣ በጸሀፊነት ገብታ ባለቤት የሆነች!

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛውን ትመክራለህ

መልስ፦ የ10 አመቱን። ቦርቦን (የአሜሪካ ውስኪ) የነበረበት በርሜል ውስጥ ነው የሚቆየው፣ ከጭሱ ኋላ ቫኒላ የምታገኘው ለዛ ነው። ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምርበት፣ በረዶ ግን አይሁን፣ ሽታውን ይገለዋል። ከለመድከው በኋላ ኳርተር ካስክ የሚባለውን የራሱን የላፍሮይግን ሌላ አይነት ሞክር፣ አልኮሉ 48 ፐርሰንት ነው፣ መጨረሻ ላይ ትንንሽ በርሜል ውስጥ ስለሚገባ እንጨቱ ቶሎ ይሰማዋል፣ ለኔ ከሁሉም እሱ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ጠርሙስ የገዛ መሬት ይሰጠዋል የሚሉት ቀልድ ነው አይደል?

መልስ፦ የእውነት ነው፣ 1994 ላይ የጀመሩት የወዳጆች ማህበር አለ። ጠርሙሱ ላይ ባለው ኮድ ስትመዘገብ አንድ ስኩዌር ፊት መሬት በስምህ በሊዝ ይያዝልሃል፣ ኪራዩን የሚከፍሉትም እነሱ ናቸው፣ እዛ ድረስ ሄደህ ስትጠይቅ በአመት አንድ መለኪያ ውስኪ።