ዓመት ያልሞላው የሲሊኮን ጆሮ ለምን አረጀ?

«ጋሼ፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በሞተር ጀልባ እንግዶችን ወደ ዘጌ አመላልሳለሁ። ግራ ጆሮዬን በባጃጅ አደጋ ካጣሁ በኋላ በማጣበቂያ የሚለጠፍ የሲሊኮን ጆሮ አሠርቼ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ቀለሙ ገረጣ፣ ጠርዙ ተሸበሸበ፣ ከላይ በኩልም ትንሽ ተቀደደ። ሽታ ስላመጣ በበረኪና ማጠብ ጀምሬያለሁ። ሲሊኮኑ ርካሽ ሆኖ ይሆን? የተቀደደውንስ በሱፐር ግሉ ላጣብቀው?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሱፐር ግሉውን አስቀምጠው። ሲሊኮን ላይ በቅጡ አይዝም። የያዘበት ቦታ ደግሞ ደርቆ ይገትራል፣ ከጎኑ ያለው ለስላሳ ጠርዝም በሌላ በኩል ይቀደዳል። ከግንባታ ዕቃ መደብር የመስኮት ሲሊኮን ገዝቶ የሚለጥፍም አይጠፋም። ያ ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው አሴቲክ አሲድ ስለሚያወጣ ነው። ቆዳህ አጠገብ እንዳታደርሰው።

ርካሽ ነው አይደለም የሚለውን ሳላየው አልፈርድም። ግን ሲሊኮኑን ለመውቀስ አትቸኩል። ሲሊኮን የሲሊከንና የኦክስጅን ሰንሰለት ነው፤ 200 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ይችላል። የሚያረጁት ቀለሙና ጠርዙ ናቸው። በጥሩ እጅ የተሠራ ጆሮም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ነው የሚያገለግለው። ስለዚህ ያንተ ቸኮለ እንጂ ጉድ የሚያሰኝ አይደለም።

ከጻፍከው ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ሞተር ጀልባው ነው። ቤንዚን ትቀዳለህ፣ ሞተር ትነካካለህ፣ ከዚያ ነፋሱ ሲያነቃንቀው በዚያው ጣትህ ጆሮህን ታስተካክላለህ። አይደል?

ሲሊኮን ውሃ እምብዛም አይጠጣም፤ ቤንዚን ግን ይጠጣል። ደንበኞቼን በቃል ከማስረዳ ብዬ አንዳንዴ አሳያቸዋለሁ። ከሥራ የተረፈች ቁራጭ ሲሊኮን ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ ቤንዚን ላይ እጥላለሁ። ቡናው በረካ ሳይደርስ ቁራጯ በዓይን በሚታይ መጠን ታብጣለች። አውጥቼ ሳስቀምጣት ቤንዚኑ ይተንና መልሳ ትኮማተራለች። ያንተም ጠርዝ የሚሆነው ይኸው ነው። ቆዳ መስሎ እንዲያልቅ ሆን ተብሎ የሳሳ ስለሆነ ትንሽ ቤንዚን ይበቃዋል። ያብጣል፣ ማጣበቂያውን ይለቃል፣ ሲደርቅ ተሸብሽቦ ይቀራል። ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባትና ቅቤም ቀስ እያሉ ይገቡበታል። እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ ጆሮውን አትንካ። ጀልባ ላይ አንድ ጀሪካን ውሃና ሳሙና አይጥፋ።

ለቀለሙ ደግሞ ቀላል ፍተሻ አለ። ጆሮውን አውልቀህ መስኮት አጠገብ ያዘው። ፀሐይ የማያገኘውን የኋላውን እጥፋት ከፊት ለፊቱ ጋር አስተያይ። ፊቱ ገርጥቶ ኋላው ደህና ከሆነ ፀሐይ ነው። ሁለቱም እኩል ከገረጡ በረኪናውን እጠረጥራለሁ። ሁለቱም ካልተለወጡ ደግሞ የተለወጠው ያንተው ፊት ነው! በበጋ ጀልባ ላይ የሚውል ሰው ይጠቁራል፣ ሲሊኮን አይጠቁርም። ለዚህ ነው አንዳንዱ አንድ ለበጋ፣ አንድ ለክረምት ሁለት ጆሮ የሚያሠራው።

ፀሐዩ ቀላል አይምሰልህ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሰው የሐይቁን ነጸብራቅ ይፈራል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን የሚጎዳህ ከላይ የሚወርደው ነው። ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ አድርግ። ኬፕ ጆሮ አይሸፍንም። ወደፊት ስታሠራ ደግሞ ባለሙያውን ስለ ቀለሙ ጠይቀው። አንዳንድ ኦርጋኒክ ቀይና ቢጫ ቀለሞች ፀሐይ ላይ ቶሎ ይለቃሉ። የብረት ኦክሳይድ ቀለሞች ግን ይበረታሉ። ቀለሙም ከላይ ብቻ የተቀባ ሳይሆን ሲሊኮኑ ውስጥ የተቀላቀለ ይሁን፤ ላይ ላዩን የተቀባ በመታሸት ይነሳል።

መቀደዱ የአወላለቅ ጉዳይ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ጠርዙን በጥፍሩ ይዞ ይጎትታል። ሲሊኮን ይለጠጣል እንጂ መቀደድን አይቋቋምም። አንዴ ከጀመረ እንደ ፌስታል ይሄዳል። ጣትህን ከወፍራሙ አካል ሥር አስገብተህ ቀስ ብለህ አንሳው። የቀረውን ማጣበቂያ በጣትህ ጫፍ እያንከባለልክ አንሳ። በዚህ የማይነሳ ዓይነት ከሆነ የራሱን ማስለቀቂያ ተጠቀም እንጂ አትፋቀው። ጠርዙን አወፍረህ ሥራልኝ የሚሉኝ አሉ። ይሠራል፣ ይቆያልም፤ ግን ከሩቅ ያስታውቃል። እኔ የምመርጠው ጠርዙ ሥር ስስ የናይለን መረብ ማስገባት ነው።

ጥገናውም የቤት ሥራ አይደለም። ሲሊኮን የሚይዘው ሲሊኮንን ነው፣ እሱም ዓይነቱ ሲገጥም። በፕላቲነም የሚረጋው ዓይነት ድኝ ከነካው ጨርሶ አይደርቅም፤ ድኝ ያለበት የላቴክስ ጓንት መንካቱ ብቻ ይበቃዋል። ካልደረቀ ደግሞ ሥራው ከስሯል።

ሽታው ማታ ሳታወልቅ በማደርህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ላብ፣ ወዝና የቀረ ማጣበቂያ ለካንዲዳ ፈንገስ ጥሩ ቀለብ ናቸው። በረኪናውን ተው። ማታ ማታ አውልቅ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ በለዘብተኛ ሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠብ። ጥላ ውስጥ አድርቀህ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጥ። ታጥቦ የማይለቅ ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ ፈንገሱ ውስጥ ገብቷል፤ ያን ጊዜ መቀየር ነው። ከሥሩ ያለው ቆዳ ከቀላ ወይም ከቆሰለ ግን ለጊዜው አትለጥፈው፣ ሐኪም ይየው።

አጥንት ውስጥ በሚገባ የታይታኒየም ብሎን የሚያዝ ጆሮም አለ። ከማጣበቂያ ይገላግላል። ቀዶ ጥገና ስለሆነ ምክሩ ከሐኪም ነው። ከላይ የሚገጠመው ሲሊኮን ግን ያው ነው፣ እሱም ያረጃል።

አሁን ማድረግ ያለብህ ጆሮውን ለሠራልህ ባለሙያ መደወል ነው። ሞልዱን፣ ማለትም ጆሮው የወጣበትን ቅርጽ፣ አስቀምጦት እንደሆነ፣ የቀለሙን ቅልቅል ጽፎ ይዞት እንደሆነ ጠይቀው። ሁለቱ ካሉ ሁለተኛ ጆሮ ማውጣት ብዙም አያስቸግርም፤ እንዲያውም ሁለት አድርገህ እያፈራረቅህ ተጠቀም። የጀሶ ሞልዱ ከተሰበረ ግን ቀኝ ጆሮህን እያየ እንደ አዲስ ከሰም መቅረጽ አለበት፤ እሱ ደግሞ ሌላ ቀጠሮና ሌላ ወጪ ነው።