1151 በ1151 ነው ብለውህ ነው አይደል?

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ ኤች110 ማዘርቦርድህ ላይ የነበረውን የኢንቴል ፕሮሰሰር አይ5 6500 አውጥተህ ዩዝድ አይ5 8400 ሰካህ፣ ልክ ቁጭ አለ፣ ፋኑ ይዞራል ግን ዲስፕሌይ የለውም፣ ሻጩ ደግሞ "ሁለቱም 1151 ነው ችግሩ ቦርድህ ነው" አለህ። ቁጥሩን አልዋሸህም፣ ግን ቁጥሩ የሚነግርህ ሶኬቱ (ቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ ያሉትን ፒኖች ብዛት ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ ፒን ምን ስራ እንደተሰጠው አይነግርህም።

6ኛ ጀነሬሽን (ያንተ 6500) በ2015 ሲወጣ ለፕሮሰሰሩ ኮሮች (ስራውን ለሚሰሩት ክፍሎች) ፓወር የሚያደርሱት ፒኖች 128 ነበሩ፣ በ2017 8ኛው (8400ው ያለበት) ሲመጣ አይ5 ከ4 ኮር ወደ 6 ኮር አደገና ኢንቴል ድሮ ባዶ ከተዋቸው ፒኖች ላይ ወስዶ 146 አደረጋቸው፣ ስለዚህ ኤች110 ቦርድህ 8400ውን እንዳለ አያስነሳውም። ቅርፁን ግን አልነካውም፣ ጎኑ ላይ ያሉት ሁለት ቁርጦች እንኳን ያው ናቸው፣ ለዛ ነው እጅህ ላይ ምንም ሳያስቸግር የገባልህ (እኔን ብትጠይቀኝ ያን ጊዜ ቁርጡን ቢቀይሩት ኖሮ ስንቱ ሰው ብሩን ባላቃጠለ)። ቦርዱን ሞድ አድርገው፣ ፒን በቴፕ ሸፍነው የሚያስነሱ አሉ፣ አንተ ግን አትሞክረው።

ስለዚህ 8400ው ተቃጥሏል ብለህ አትደንግጥ፣ መጀመሪያ 6500ህን መልሰህ ሞክረው። ከተነሳ ነገሩ አለቀ። ካልተነሳ ሶኬቱ አጠገብ ያለችውን የፕሮሰሰር ፓወር ገመድ መልሰህ መሰካትህን እይ፣ ብዙ ሰው እሷን ይረሳታል፣ ከዛ ፓወሩን ከግድግዳ ነቅለህ የስልክህን መብራት ከጎን አብራበት፣ ደህና ፒኖች እኩል መስመር ይዘው ነው የሚያበሩት፣ የተጣመመው ለብቻው ይለያል። በቀጭን መርፌ በትንሽ በትንሹ መልሰው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ግን፣ ወዲያ ወዲህ ካልከው ይሰበራል። ሶኬቱ ውስጥ ፔስት (ፕሮሰሰሩና ኩለሩ መሃል የሚቀባው) ቢፈስብህም በሶፍት እንዳትጠርገው፣ እኔ ስራ ስጀምር ጠርጌ አራት ፒን በአንዴ አጣምሜያለሁ፣ ቦርዱም የሰው ነበር።

ፕሮሰሰሩን በጣትህ አትጫነው፣ ዝም ብለህ አስቀምጠው፣ የሚጫነው ብረቱ ነው፣ ማንሻው ሲወርድ ጠንከር ማለቱ ያለ ነው። ኤኤም4 የሚባለው የኤኤምዲ ሶኬት ላይ ደግሞ ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆነ ኩለሩን ሳታጠማዝዝ ቀጥ አድርገህ ከሳብከው ፕሮሰሰሩም ተያይዞ ይወጣብሃል።

አሁን ወይ ለ8400ው የሚሆን ኤች310 ወይም ቢ360 ቦርድ ፈልግ፣ ራምህ ዲዲአር4 ከሆነ ይሄዳል፣ ወይ ቦርድህን ይዘህ 8400ውን በአይ7 6700 ቀይረው። እኔ ብሆን 6700 ነው የምወስደው፣ ባዮስ (ቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) አፕዴት ሳይጠይቅ ይነሳልሃል። አይ7 7700 ካገኘህ ግን 6500ው ላይ እያለህ ባዮሱን አፕዴት አድርግ፣ ያለዛ ያው ጥቁር ስክሪን ነው። ቦርዱን ከለወጥክም የሶኬቱን ፕላስቲክ ክዳን አብሮ ተቀበል፣ ያለ ክዳን በፌስታል የመጣ ቦርድ ፒኑን ሳታይ ብር አትክፈል።