በግ ይታረድ ወይስ ደም ይለገስ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚረዳ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ፀሐፊ ነኝ። ከዘንድሮ ጀምሮ በኦጋዴን ግንባር የወደቁትን የደጃዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያትን መታሰቢያ በየዓመቱ ልናከብር አስበናል። በዚያውም ለማኅበሩ ገቢ ይገኛል ብለን ነው። ግን ኮሚቴው ተከፋፈለ። ሊቀመንበራችን አዳራሽ ተከራይተን፣ በግ አርደን፣ የክብር እንግዳ እንጥራ ይላሉ። ሌሎች ሚያዝያ 27 ከአርበኞች ቀን ጋር ይሁን አሉ። አንዱ ደግሞ «አለቃው ብቻ ምን ተለይቶ ይዘከራል? ወታደሩስ?» ብሎ ተነሳ። ምን ይሻለናል?
ግራ የገባው ፀሐፊ፣ ከከዚራ

መልስ፦ አቦ፣ ኮሚቴና በግ ተገናኝተው በሰላም የተለያዩበትን ቀን አላውቅም። አይግረምህ።

መጀመሪያ ስለ ሰውየው እናውራ። ድግሱ እሳቸውን እሳቸውን ካልሸተተ የማንም ድግስ ነው። የጣሊያን ጦርነት በ1928 ሲጀመር አፈወርቅ ግራዝማች ነበሩ። ኦጋዴን ውስጥ ቆራሄ ላይ ምሽግ አስቆፍረው የግራዚያኒን ጦር ጠበቁ። ያንን አገር ያየ ያውቀዋል፣ ከአውሮፕላን መሸሸጊያ የለውም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጣሊያን ቦምቡን ሲያወርደው፣ ኦርሊከን የሚባለውን የአውሮፕላን መምቻ ራሳቸው ይዘው ሲተኩሱ ቆሰሉ። ወደ ኋላ ሄደው ይታከሙ ቢባሉ እምቢ አሉ። እሳቸው ከሄዱ ጦሩ ልቡ ይሸሻል ብለው ነው። ቁስሉ ከፋና ሞቱ። እንደፈሩትም ጦሩ ምሽጉን ለቆ ወጣ። ደጃዝማችነቱ የተሰጣቸው ከሞቱ በኋላ ነው።

ዕድሜዬን በነርስነት ስለጨረስኩ ይሆናል፣ ከታሪካቸው ሁሉ የሚከነክነኝ ያ ቁስል ነው። ቀይ መስቀላችን የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ነው። እሳቸው ሲቆስሉ ገና አራት ወሩ ነበር። ዛሬ እንዲህ የቆሰለ ሰው ድል ጮራ ሆስፒታል ቢገባ ሐኪሙ ቶሎ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ደም ነው። ደም ደግሞ ፋብሪካ አይሠራውም። በሥራ ዘመኔ ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ስልክ ይዞ፣ «ኦ ኔጌቲቭ ያለው ሰው ታውቃለህ?» እያለ ሲለምን ስንቴ አይቻለሁ!

ስለዚህ በጉን ተዉትና የደም ልገሳ ቀን አድርጉት። ቀደም ብላችሁ ለደም ባንክ ደብዳቤ ጻፉ። ባለሙያውንም አልጋውንም ይዘው ይመጣሉ። የእናንተ ሥራ ጥላ ያለው ቦታ፣ ውኃ፣ ወንበርና ሰው ማዘጋጀት ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው ይለግሳል። ቁርስ ሳይበሉ እንዳይመጡ አስጠንቅቁ። ጀግና ነኝ ብሎ በባዶ ሆዱ መጥቶ የሚዘረር ጎረምሳ ሁሌም አንድ አይጠፋም።

ስለ በጉ ያለኝ ሌላው ነገር፣ ድሬ ውስጥ አንድ በግ ሁሉን አያበላም። ለክርስቲያኑ አንድ፣ ለሙስሊሙ አንድ ትላላችሁ። ከዚያ ሁለት ድስት፣ ሁለት ድንኳን ይሆናል፤ እንግዳውም ለሁለት ተከፍሎ ይቀመጣል። በኦጋዴን ግንባር እኮ ለኢትዮጵያ የተዋጋው ከሁለቱም ወገን ነው። ኡመር ሰመተርን የመሰሉ የሶማሌ ተዋጊዎች ነበሩበት። ይልቅ የምስር ሳምቡሳ፣ ባጂያ፣ ሙሸበክና ስኳሩ ጠንከር ያለ ሻይ አቅርቡ። ደም ለሰጠ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ? የጾመኛም ጣጣ የለውም።

ቀኑን በተመለከተ ከሚያዝያ 27 ጋር አልስማማም። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ወደ አርበኞቹ በዓል ይሄዳል፤ የእናንተን ማን ያየዋል? የድሬ ሙቀትም በሚያዝያ አይቻልም። የጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜ ይሁን። የሞቱበት ሰሞን ነው፣ የነቢያት ጾምም ገና አልገባም።

ገቢውስ ትለኛለህ። አዳራሹን መተዋችሁ ራሱ ገቢ ነው። ቀፊራ ገበያ ያሉትን ነጋዴዎች ባነር አሠሩልን አትበሏቸው። «የአንድ አዛውንት የአንድ ወር ወጪ ቻሉልን» በሏቸው። ስማቸውን በማይክ ጥሩላቸው፣ ነጋዴም ሰው ነው፣ ደስ ይለዋል። የገባውንና የወጣውን ግን በሳምንቱ ጽፋችሁ ለጥፉ። አንድ መታሰቢያ ላይ ተጠርቼ ሄጄ፣ ስለ ክብር እንግዳው ብዙ ተባለ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። የሟቹ ስም የተነሳው አንዴ ነው፤ እሱም ተሳስቶ ተነበበ። ብሩ የት እንደገባ እስካሁን የነገረን የለም።

አሁን ወደዚያ «ወታደሩስ?» ወዳለው ልጅ ልምጣ። እሱን ልጅ እንዳታስቀይሙት። ከኮሚቴው ሁሉ ጥሩ ነገር የተናገረው እሱ ነው። አለቃው በስሙ ይታወቃል፣ መምቻውን ጥይት ያቀበለው ግን አይታወቅም። የምትረዷቸውን አረጋውያን ጠይቋቸው። አባቱ ወይም አጎቱ ኦጋዴን የዘመተ አንድ ሁለት ሰው አታጡም። ስሙን፣ ከየት እንደዘመተ፣ ተመልሶ እንደሆነ ወይም እንዳልተመለሰ ደብተር ላይ ጻፉ። አንዳንዱ የሚያስታውሰው የአባቱን በቅሎ ስም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ጻፉት። የዝግጅቱ ቀን የደጃዝማቹ ታሪክ ከተነገረ በኋላ እነዚያ ስሞች ይነበቡ። አንባቢዎቹ አዛውንቶቹ ራሳቸው ይሁኑ፤ ማየት ያቃተው የልጅ ልጅ ያንብብለት። በዓመቱ የመጣ አዲስ ስም ይጨመራል። ንግግር የሚያበዛ ሰው ከመጣ ስሞቹን አስቀድሙና ሰዓት አልቋል በሉት።

ሊቀመንበሩን አክብረህ አስረዳቸው። ዕድሜያቸው ከ65 ካላለፈ መጀመሪያ አልጋው ላይ የሚወጡት እሳቸው ይሁኑ፤ ፎቶውም ያምራል። በጉ የግድ ነው ካሉ ደግሞ ማታ ቤታቸው ይረዱ፣ ማን ይከለክላቸዋል። እኔንም ግፊት የሚለካ ሰው ካጣችሁ ጥሩኝ፣ እመጣለሁ። ማይክ ግን እንዳታስይዙኝ።